ስፖርት ኮሌጅ ያስገባል? የ86 በመቶው ቁጥር የሚናገረውና የማይናገረው

የኖቬምበር 1 የማመልከቻ ቀን በተቃረበ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ልጅ ባላቸው ወላጆች ዘንድ አንድ ቁጥር ይነሳል። ሃርቫርድ ከመቶ አመልካች አራት ያህሉን ብቻ ይቀበላል፤ ስፖርተኛ ከሆነ ግን ከመቶ 86ቱ ይገባል ይባላል። ይህን ሰምቶ ልጁን በየሳምንቱ መጨረሻ ከሜዳ ሜዳ የሚያመላልስ፣ ለግል አሠልጣኝ የሚከፍል፣ “ውጤቷ ትንሽ ቢወርድም ሩጫዋ ይሸፍንላታል” ብሎ የሚጽናና ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ቁጥሩ ትክክል ነው። ከቁጥሩ የሚወሰደው ትምህርት ግን በአብዛኛው ስሕተት ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው “ስፖርተኛ” ከሚለው ቃል ነው። ትምህርት ቤቱን ወክሎ የሚሮጥ ተማሪም፣ የኮሌጅ አሠልጣኝ ስሙን በዝርዝር ጽፎ ለቅበላ ክፍሉ ያስገባለት ተማሪም በእኛ አነጋገር ሁለቱም ስፖርተኞች ናቸው። በኮሌጁ ዓይን ግን አንደኛው ከሌላው አመልካች ሁሉ ጋር የተሰለፈ ነው፤ ሁለተኛው የቆመው ሌላ ሰልፍ ላይ ነው። 86 በመቶ የሁለተኛው ሰልፍ ቁጥር ነው። ወደዚያ ሰልፍ እንዴት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያስገባና የት ላይ እንደሚሰናከል ቀጥሎ እናያለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ ከየት መጣ

በ2014 ሃርቫርድ ላይ በቅበላ አድልዎ ክስ ተመሠረተ። ጉዳዩ በ2018 ቦስተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሲታይ ዩኒቨርሲቲው ለዓመታት የደበቀውን መረጃ ለማውጣት ተገደደ። የከሳሽ ወገን ባለሙያ የነበሩት የዱክ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር ፒተር አርሲዲያኮኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር የስድስት ዓመት የአመልካቾችን መረጃ መረመሩ። በአሠልጣኝ የተመለመሉ አትሌቶች ከአመልካቾቹ ከ1 በመቶ በታች ሲሆኑ ከተቀባዮቹ ግን ከ10 በመቶ በላይ ሆነው ተገኙ። የመግባት መጠናቸው 86 በመቶ ገደማ ነበር፤ የጠቅላላው አመልካች በዚያን ጊዜ 6 በመቶ ያህል ነበር።

ሃርቫርድ ለእያንዳንዱ አመልካች በትምህርት፣ በስፖርት፣ በባሕርይና በሌሎችም ዘርፎች ደረጃ ይሰጣል፤ 1 ከፍተኛው ነው። በትምህርት ዘርፍ 4 የተሰጠው ተራ አመልካች የመግባት ዕድሉ 0.076 በመቶ ነበር፤ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ያንኑ 4 ያገኘ ተመልማይ አትሌት ግን 70 በመቶ ያህል ይገባ ነበር።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 29 ቀን 2023 በዚህ ክስ ላይ በሰጠው ውሳኔ ኮሌጆች የአመልካችን ዘር ከግምት እንዳያስገቡ ከለከለ። ለአትሌቶችና ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆች የሚደረገውን አስተያየት ግን አልነካውም። ዘርን የሚመለከተው በር ተዘግቶ የአሠልጣኙ በር ክፍት መቅረቱ ነው ሕዝቡ ስለ 86 በመቶው ይበልጥ እንዲያወራ ያደረገው።

ያም ሆኖ ይህን ቁጥር እንደ ዕጣ ዕድል ማንበብ አይገባም። ከ86ቱ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ከዚያ በፊት የተጣለው ብዛት ነው። አንድ የሩጫ አሠልጣኝ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢሜይሎች ይደርሱታል። አብዛኞቹን በሰዓታቸው ምክንያት ያልፋቸዋል፤ ከተረፉት ውስጥ ትራንስክሪፕታቸው የማያስገባቸውን ይተዋል፤ ከቀሩት ጥቂቶች ጋር ወራት ተነጋግሮ በመጨረሻ ምናልባት ለአራቱ ወይም ለአምስቱ ስም ያስገባል። ቅበላ ክፍሉም ማመልከቻው ከመግባቱ አስቀድሞ ሰነዳቸውን አይቶ “ይሆናል” ብሏል። በዚህ ሁሉ ወንፊት ካለፉት ከመቶ 86ቱ ቢገቡ አያስገርምም፤ የሚያስገርመው 14ቱ መቅረታቸው ነው።

የአሠልጣኙ ቦታ

አሠልጣኝ ተማሪ አይቀበልም፤ የሚቀበለው ቅበላ ክፍሉ ነው። አሠልጣኙ በእጁ ያለው በእንግሊዝኛ “ስሎት” የሚባለው ነገር ነው፤ ለቡድኑ የተመደበለት የድጋፍ ቁጥር ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ስፖርቱና እንደ ኮሌጁ ይለያያል፤ ለአሜሪካ ፉትቦል ብዙ፣ ለሩጫ ወይም ለቴኒስ ጥቂት ነው። አሠልጣኙ አንዱን ለአንድ ልጅ ከሰጠ ለሌላ አይተርፈውም። ስለዚህ ጥያቄው “ይህ ልጅ ጎበዝ ነው?” የሚል አይደለም። “ካሉኝ አራት ቦታዎች አንዱን ላጠፋለት ይገባል?” ነው። ባለፈው ዓመት ሦስት የረጅም ርቀት ሯጮች ያስገባ አሠልጣኝ ዘንድሮ የሚፈልገው ዝላይ ወይም አሎሎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሩጫ ሰዓት ምንም ያህል ቢያምር ምላሹ ቀዝቃዛ ይሆናል። ልጁ ይህን ከውጭ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ቢያንስ መገመት የሚቻለው የቡድኑን ዝርዝር ከኮሌጁ ድረ ገጽ አውጥቶ ማን በየትኛው ዓመት እንደሚመረቅ በመቁጠር ነው።

ሁለተኛው ገደብ የትምህርት ነው። አይቪ ሊግ የሚባለው የስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ ማለትም ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ ብራውን፣ ዳርትማውዝ፣ ኮርኔልና ፔንሲልቬንያ፣ ስሙ እንደ ዝና ምልክት ቢታይም መነሻው የስፖርት ሊግ ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሠረት አባላቱ “አካዳሚክ ኢንዴክስ” የሚባል መለኪያ አላቸው፤ የተማሪውን የክፍል ውጤትና የፈተና ነጥብ አዋሕዶ አንድ ቁጥር የሚያወጣ ቀመር ነው። የአትሌቶቹ አማካይ ኢንዴክስ ከጠቅላላው ተማሪ አማካይ ከተወሰነ ልዩነት በላይ እንዳይወርድ ይጠበቃል። ለግለሰብም ዝቅተኛ ወለል አለ።

ከዚህ የሚወጣው ስሌት ብዙ ወላጅ የማያስበው ነው። አማካይ ስለሆነ ኢንዴክሱ ከፍ ያለ ሯጭ ለአሠልጣኙ ትርፍ ነው፤ በእሱ ከፍታ ሌላ ውጤቱ ዝቅ ያለ ነገር ግን እጅግ ፈጣን ልጅ ማስገባት ይችላል። ሁለት ልጆች በሰዓት እኩል ከሆኑ ወይም አንደኛው በሁለት ሰከንድ ቢበልጥ አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ትራንስክሪፕቱ ንጹሕ የሆነውን ነው። “ሩጫው ውጤቱን ይሸፍናል” የሚለው እምነት ለጥቂት እጅግ ፈጣን ልጆች ይሠራል፤ ለቀሩት ግን ውጤቱ ነው ሩጫውን የሚሸፍነው።

ፈተና የማያስገድዱ ኮሌጆች መበራከታቸው በኮቪድ ዘመን ይህን ስሌት አላልቶት ነበር። ከመራጮቹ ኮሌጆች ብዙዎቹ ግን ተመልሰዋል፤ ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ኤስኤቲ ወይም ተመሳሳይ ፈተና እንደገና እንደሚጠይቁ አስታውቀዋል። ለሚመለመል ልጅ ኤስኤቲው በ11ኛ ክፍል አጋማሽ መጠናቀቅ አለበት፤ እስከ 12ኛ ክፍል መከር የሚቆይ ከሆነ አሠልጣኙ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶ ይጠብቀዋል።

ኮሌጁ ሁሉ አንድ አይደለም

የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ኤንሲኤኤ ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላል። ዲቪዥን አንድ ትልቁ መድረክ ነው። ስታንፎርድ፣ ዱክ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ኖትርዳምና ቫንደርቢልት በዚህ ደረጃ ሆነው የስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። በ1500 ሜትር በፓሪስ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በ2019 የኤንሲኤኤ ሻምፒዮን የሆነው ለኖትርዳም እየሮጠ ነው። አይቪ ሊግም ዲቪዥን አንድ ነው፤ ሆኖም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ የሚሰጠው በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ብቻ ነው።

ዲቪዥን ሦስት ጭራሽ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ወላጅ ይንቀዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ዊልያምስ፣ አምኸርስት፣ ቦውደን፣ ሚድልበሪና ተፍትስ ያሉበት ኔስካክ የተባለው የ11 ኮሌጆች ሊግ ዲቪዥን ሦስት ነው፤ ከአሜሪካ እጅግ መራጭ ኮሌጆች መካከልም ናቸው። እንደ አምኸርስት ያለ ኮሌጅ ተማሪው ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም፤ የሚያሰልፋቸው ቡድኖች ግን የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያህል ናቸው። ስለዚህ አትሌቶች ከጠቅላላው ተማሪ የሚይዙት ድርሻ ከሃርቫርድ እጅግ ይበልጣል። በንጹሕ ስሌት፣ ጥሩ እንጂ ድንቅ ያልሆነ ሯጭ ሩጫው ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

እዚያው ዲቪዥን ሦስት ውስጥ ኤምአይቲና ካልቴክ አሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሌላ ናቸው። ኤምአይቲ ከ30 በላይ የቫርሲቲ፣ ማለትም ኮሌጁን በይፋ የሚወክሉ ቡድኖች አሉት፤ አሠልጣኞቹ ግን ስሎት የላቸውም። አስተያየት ይጽፋሉ፤ ቅበላ ክፍሉ አንብቦ የመሰለውን ያደርጋል። “የኤምአይቲ አሠልጣኝ በጣም ይፈልገኛል” የሚል ልጅ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ተስፋው ግን ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር አይነጻጸርም፤ በአሠልጣኙ ተወድደው የሚቀሩ ልጆች እዚያ የተለመዱ ናቸው።

ሰዓቱ ስንት ነው?

በሩጫ ከግምት ይልቅ ሰዓት ስለሚናገር ነገሩ ግልጽ ነው። የሚከተሉት ኮሌጆች ያወጧቸው መመዘኛዎች አይደሉም፤ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጡ ግምታዊ አኃዞች ናቸው። ለአይቪ ሊግ የወንዶች 1600 ሜትር 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አካባቢ፣ 3200 ሜትር ደግሞ 9 ደቂቃ ገደማ የሮጠ ልጅ መነጋገሪያ ላይ ይደርሳል። ለሴቶች 1600ው 4:50 አካባቢ፣ 3200ው ከ10:30 በታች ነው። በጠንካራ የዲቪዥን ሦስት ቡድን ወንዶቹ ከ4:20 እስከ 4:25፣ ሴቶቹ ከ5:00 እስከ 5:10 ባለው ውስጥ ከሆኑ አሠልጣኙ ይመልሳል።

ሰዓቱ በኤሌክትሮኒክስ የተያዘ መሆን አለበት፤ በእጅ ሰዓት የተያዘ ውጤት ላይ አሠልጣኞች 0.24 ሰከንድ ይጨምራሉ፤ ከዚያም አልፎ በአጠቃላይ አያምኑትም። ኢትዮጵያ ውስጥ 1500 ሜትር የሮጠ ልጅ ርቀቱን መቀየር ይኖርበታል፤ 3:55 የሮጠ በ1600 ወደ 4:12 ይጠጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ በረጅም ርቀት ያለው ሰዓት ከሚገባው በላይ ዘግይቶ ይታያል። ኤንሲኤኤ ከ3,000 ጫማ በላይ ለሆኑ ሜዳዎች የማስተካከያ ስሌት ስላለው አሠልጣኞች ነገሩን ያውቁታል፤ ኢሜይሉ ላይ የሜዳው ከፍታ ካልተጻፈ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያሰላም።

እግር ኳስ እንዲህ አይለካም። አሠልጣኙ የሚያየው በኤምኤልኤስ ኔክስትና በኢሲኤንኤል የወጣቶች ሊጎች የሚጫወቱ ክለቦችን፣ እንዲሁም ኮሌጁ ራሱ በክፍያ የሚያዘጋጃቸውን የመታያ ካምፖች ነው። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ለማኅበረሰባችን ትልቅ በዓል ነው፤ የኮሌጅ ምልመላ መድረክ ግን አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን አምበልነትም ብቻውን አሠልጣኝ አይጠራም።

የጊዜ ሰሌዳው

በአብዛኞቹ የዲቪዥን አንድ ስፖርቶች አሠልጣኝ ለተማሪ በቀጥታ መጻፍ የሚፈቀድለት ተማሪው 10ኛ ክፍልን በሚጨርስበት ዓመት ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ተማሪው ግን ከዚያ በፊት መጻፍ ይችላል፤ መልስ ባያገኝም ስሙ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ኮሌጁ ወጪውን የሚሸፍንለት ይፋዊ ጉብኝት በሩጫና በመሳሰሉት 11ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ባለው ኦገስት 1 ይከፈታል።

የመጀመሪያው ኢሜይል አጭር መሆን አለበት። ዋናው ነገር የርእሱ መስመር ላይ ይገለጽ፤ ለምሳሌ “የ2027 ተመራቂ፣ 1600 ሜትር 4:16፣ ጂፒኤ 3.9፣ ኤስኤቲ 1480”። ውስጡ ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር፣ ውጤቶቹን የሚያሳይ ድረ ገጽ፣ የትምህርት ቤት አሠልጣኙ ስልክና ያልተደበቀ ትራንስክሪፕት ይበቃል። የሚጽፈው ልጁ ነው። አባት የጻፈው ኢሜይል ወዲያው ይታወቃል፤ አይወደድም።

ወሳኙ ቀን 11ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ያለው ጁላይ 1 ነው። በአይቪ ሊግና በኔስካክ “ፕሪ-ሪድ”፣ ማለትም ቅድመ ንባብ፣ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ያኔ ነው። አሠልጣኙ የልጁን ትራንስክሪፕት፣ የኤስኤቲ ውጤትና የ12ኛ ክፍል የትምህርት ዝርዝር ይሰበስባል፤ ቅበላ ክፍሉ አንብቦ “አሠልጣኙ ከደገፈው ችግር የለም”፣ “ያጠራጥራል” ወይም “አይሆንም” የሚል ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ውሳኔ አይደለም፤ አሠልጣኙ ግን በእሱ መሠረት ስሎቱን ይሰጣል ወይም ይተዋል። እስከ ኦገስት መጨረሻ ድረስ ፕሪ-ሪድ ያልተጠየቀ ልጅ ስልክ እየተደወለለት ቢሆን እንኳ ተመልማይ አይደለም።

ከኦክቶበር 1 ጀምሮ አይቪ ሊግ “ላይክሊ ሌተር” መላክ ይችላል። ይህ ደብዳቤ “ውጤትህና ምግባርህ እንዳለ ከቀጠለ ትገባለህ” የሚል ከቅበላ ክፍሉ የሚመጣ ማረጋገጫ ነው። ከአሠልጣኙ የሚመጣ ማናቸውም ወረቀት፣ ኢሜይል ወይም የሚያምር ካርድ ላይክሊ ሌተር አይደለም። ከዚያ ኖቬምበር 1 ማመልከቻ፣ ዲሴምበር አጋማሽ ውሳኔ ነው። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ኤ የነበረው ሂሳብ ወደ ሲ ከወረደ ወይም የሥነ ምግባር ጥፋት ከተመዘገበ ቅበላው ሊሰረዝ ይችላል።

የአሠልጣኝን ቃል መፍታት

ከሁሉ በላይ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ነው። አሠልጣኞች ሐሰት አይናገሩም፤ ነገር ግን ቃላቸው በሚገባ የተለካ ነው። “ቡድናችን ውስጥ ብትሆን ደስ ይለናል” ማለት ምንም ማለት አይደለም። “በራስህ ከገባህ ቦታ አለህ” ማለት ስሎት አልሰጥህም ማለት ነው። “ማመልከቻህን እደግፋለሁ” ሁለት ትርጉም አለው፤ ሙሉ ስሎትም ሊሆን ይችላል፣ ኔስካክ ውስጥ ደግሞ ውጤታቸው ጠንካራ ለሆኑ ልጆች የሚሰጥ ለስላሳ ድጋፍ ሊሆን ይችላል። ለስላሳው ይረዳል፤ አያስገባም።

ስለዚህ ልጁ በትሕትና፣ ግን ሳያፍር መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ “ከተመደቡልዎት ቦታዎች አንዱን ለእኔ ሊጠቀሙ ነው? የቅበላ ክፍሉ ቅድመ ንባብ ውጤት ምን ነበር? ባለፉት ሦስት ዓመታት እንዲህ ከደገፏቸው ልጆች ስንቱ ቀሩ?” ታላቅን እንዲህ መጠየቅ በእኛ አስተዳደግ ድፍረት ይመስላል። አሠልጣኞቹ ግን ይጠብቁታል፤ የሚያንገራግር መልስ ራሱ መልስ ነው።

የቃል ስምምነት፣ እነሱ “ኮሚት” የሚሉት፣ ሁለቱንም ወገን በሕግ አያስርም። አሠልጣኙ ሥራ ሊቀይር ይችላል፤ አዲሱ አሠልጣኝ ዝርዝሩን እንደገና ይጀምራል። ልጁ በሴፕቴምበር ሊጎዳ ይችላል። ይህ ሁሉ አስገዳጅ በሆነው ቀደምት ማመልከቻ፣ “ኧርሊ ዲሲዥን” በሚባለው፣ የበለጠ ይከብዳል፤ ብራውን፣ ኮሎምቢያ፣ ኮርኔል፣ ዳርትማውዝና ፔንሲልቬንያ የሚጠቀሙት እሱን ነው፤ የተቀበሉት ሰው መሄድ አለበት። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያላቸው አያስገድድም፤ ሆኖም በተመሳሳይ ጊዜ ሌላ የግል ኮሌጅ ላይ በቀደምትነት ማመልከትን ይከለክላል። ለስላሳ ድጋፍ ብቻ ያለው ልጅ ያቺን አንዲት ቀደምት ዕድሉን በአሠልጣኝ ፈገግታ ላይ ካዋላት ዲሴምበር ላይ ባዶ እጁን ይቀራል።

ገንዘቡ

አይቪ ሊግ የስፖርት ስኮላርሺፕ ስለሌለው ውድ ነው ማለት አይደለም። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች ሙሉ ወጪውን፣ እስከ 200,000 ዶላር ለሆኑት የትምህርት ክፍያውን እንደሚሸፍን አስታውቋል። ታክሲ ነድቶ ወይም በሆስፒታል ሠርቶ ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይህ አንዳንድ ዲቪዥን አንድ ኮሌጅ ከሚሰጠው ከፊል የሩጫ ስኮላርሺፕ ይበልጣል። ጥቅሙ ሌላም አለ፤ ልጁ ተጎድቶ ሩጫ ቢያቆም ድጋፉ አብሮ አይቆምም፤ የተሰጠው በገቢው እንጂ በእግሩ አይደለም።

የሚያስቸግረው የራስ ንግድ ያለው ቤተሰብ ነው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ የንግዱን ንብረትና ዕዳ ይጠይቃል፤ ኮሌጁም ለግብር የተቀነሱ አንዳንድ ወጪዎችን መልሶ እንደ ገቢ ሊቆጥር ይችላል። በየኮሌጁ ድረ ገጽ ያለው የወጪ ማስያ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። መፍትሔው አሠልጣኙን የትምህርት ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ድጋፍ ቅድመ ንባብም እንዲያስደርግ መጠየቅ ነው። አስገዳጁን ማመልከቻ ከመፈረም በፊት፣ በጽሑፍ።

“ልጅዎን እናስመለምላለን” ብለው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ድርጅቶችም አሉ። የሚሸጡት ዋና ነገር የአሠልጣኞች ኢሜይል ነው፤ እሱ በየኮሌጁ የስፖርት ገጽ ላይ በነጻ ተለጥፏል።

ፍትሐዊ ነው?

ተከላካዮቹ እንዲህ ይላሉ። ሃርቫርድ 42 የቫርሲቲ ቡድኖች አሉት፤ ቡድን ለማቆም ሰው ያስፈልጋል። በሳምንት 20 ሰዓት እየተለማመደ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ሙሉ ጊዜውን ለጥናት ካዋለው ጋር እኩል ነጥብ ቢያመጣ የበለጠ ሠርቷል። ሩጫ፣ ቅርጫት ኳስና ፉትቦል ደግሞ ከድኃ ሠፈር ልጅ የሚያመጡ በሮች ናቸው።

ተቃዋሚዎቹ ዝርዝሩን ያወጣሉ፤ ስኳሽ፣ ፌንሲንግ፣ ቀዘፋ፣ የሸራ ጀልባ፣ የውኃ ፖሎ። እነዚህን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ያለው ሀብታም ሠፈር ውስጥ ነው። የእነ አርሲዲያኮኖ ጥናት እንዳሳየው በሃርቫርድ ከተቀበሉ ነጮች 43 በመቶው ተመልማይ አትሌት፣ የቀድሞ ተማሪ ልጅ፣ የቅበላ ኃላፊው በተለየ ትኩረት በያዘው ዝርዝር የገባ ወይም የመምህርና የሠራተኛ ልጅ ነበር፤ ከጥቁር፣ ከእስያና ከሂስፓኒክ ተቀባዮች ግን ከ16 በመቶ በታች። ከእነዚህ አስተያየት ከተደረገላቸው ነጮች ሦስት አራተኛ ያህሉ ያ ባይደረግላቸው ይቀሩ ነበር።

በእኛ ግምት ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው፤ ስለ ተለያዩ ስፖርቶች ስለሚያወሩ ነው የማይገናኙት። ሩጫ ጫማ ይጠይቃል፤ ቀዘፋ ወንዝ፣ ጀልባና አሠልጣኝ ይጠይቃል። ሥርዓቱ ግን ለሁለቱም ያው ስሎት ነው። የስሎቱ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ማርች 12 ቀን 2019 ይፋ የሆነው የፌዴራል ክስ አሳይቷል። ዊልያም ሪክ ሲንገር የተባለው አማካሪ ከሀብታሞች ገንዘብ ተቀብሎ ለአሠልጣኞች ጉቦ በመስጠት ስፖርቱን ጨርሶ የማያውቁ ልጆችን በተመልማይ ስም አስገብቷል፤ አንዳንዶቹ በተቀናበረ ፎቶግራፍ ጭምር። እሱ “የጎን በር” ይለው ነበር። በጃንዋሪ 2023 የሦስት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደበት። ጉቦው የተከፈለው ለፈተና ተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆን ለአሠልጣኝ መሆኑ ሥልጣኑ የት እንዳለ ይናገራል።

የ2025ቱ ስምምነት የሚያመጣው

ጁን 6 ቀን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው፣ አትሌቶች በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡትን ክስ የቋጨው “የሃውስ ስምምነት” ኮሌጆች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮሌጅ ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በዚያው ልክ የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡን አንሥቶ በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ገደብ አኖረ። በስምምነቱ በገቡ ኮሌጆች የአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድን 17፣ የእግር ኳስ ቡድን 28 ሰው ብቻ ሊኖረው ይችላል። ቀድሞ ሠላሳ ሯጭ ይይዝ የነበረ አሠልጣኝ አሥራ ሦስቱን ማሰናበት ነበረበት፤ ያኔ ልምምድ ላይ የነበሩት ጥቂቶች የተለየ አስተያየት ቢደረግላቸውም ከኋላ የሚመጡት አያገኙትም። በራሱ ገብቶ፣ ቡድኑን ለምኖ የሚቀላቀለው “ዎክ-ኦን” የሚባለው ተማሪ መንገዱ ጠብቧል።

አይቪ ሊግ በጃንዋሪ 2025 ስምምነቱን እንደማይቀላቀል አስታውቋል፤ ዲቪዥን ሦስትም አይመለከተውም። ስለዚህ ገደቡ እዚያ የለም። ግፊቱ ግን ይደርሳል። ዲቪዥን አንድ አሠልጣኞች 17 ቦታቸውን ከሌላ ኮሌጅ በሚዛወሩ ልምድ ያላቸው ተማሪዎችና ከኬንያ በሚመጡ በዕድሜ የበሰሉ ሯጮች ሲሞሉ፣ 4:08 የሮጠው የ12ኛ ክፍል ልጅ አንድ ደረጃ ወርዶ አይቪን ያንኳኳል፤ አይቪ ይፈልገው የነበረው 4:13 ደግሞ ወደ ዊልያምስና ወደ አምኸርስት ይሄዳል። እዚያ በ4:22 ሰዓቱ ስሎት ይጠብቅ የነበረው ልጅ ከአሠልጣኙ የሚሰማው “በራስህ ከገባህ ቦታ አለህ” የሚለውን ይሆናል።